በወንድሜ ወገብ የተወጋው

በወንድሜ ወገብ የተወጋው ሴል ደህና መሆኑ ተረጋግጦ እንደሆነ ሲወጉት የነገረን አልነበረም። ይህ በደል ተጽፎ ይቀመጥልኝ።

ታላቄ ነው፤ ጋሼ እለው ነበር። በደሳ ከተማ አጠገብ ማሽላ ያርስ ነበር። ከገበያ ከገዛው ዘር እፍኝ ያህሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ መብቀሉን ሳያይ አይዘራም ነበር። ዝናብ ሲጥል ጎረቤቶቹ፣ "አንተ ሰው፣ ዘንድሮ የምታርሰው ጨርቁን ነው?" እያሉ ይስቁበታል። እሱም፣ "መሬት ከዋጠችው በኋላ ማንን ልጠይቅ?" ይላቸዋል።

ከጭነት መኪና ወድቆ ወገቡ ተጎድቶ እግሮቹ ሲከዱት፣ ልጆቹ አዲስ አበባ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰዱት። ከሌላ ሰው ተወስዶ በላቦራቶሪ የተባዛ፣ የተጎዳ አካል የሚተካ ግንደ ሴል ነው ብለው ወጉት። ቆይቶ መርፌው በገባበት ቦታ እጢ ወጣበት። ከእጢው ቆርጦ የመረመረው ሌላ ሐኪም፣ "ሴል ደጋግሞ ሲባዛ ዘረመሉ ሊለወጥ፣ እጢም ሊያመጣ ይችላል። ከመሰጠቱ በፊት መመርመር አለበት" አለኝ።

ጋሼን ቀበርነው። ዘንድሮ ዝናቡ መጣ፤ ማሳው ግን ጦሙን አደረ። ጎረቤቶቹም የሚስቁበት ሰው አጥተዋል። እኔ አላስችለኝ ብሎ አዲስ አበባ ሄድኩ፤ የወጋውን ሐኪም ካላገኘሁ ብዬ ከክሊኒኩ በር አልነሳ አልኩ።

"እማማ፣ ገብተው ይቀመጡ" አለኝ ሐኪሙ ወጥቶ።

"ልቀመጥ አልመጣሁም። ወንድሜን የወጋችሁት ሴል ተመርምሮ ነበር?"

"አልተመረመረም።"

"እንግዲያው ከተረፈው አሁን መርምሩና እውነቱን ንገሩኝ።"

"የተረፈ የለም እማማ፤ ሁሉንም ለእሳቸው ሰጥተናቸዋል።"