ብርድን በእንግሊዝኛ ሳስተምር

ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ሳስተምር «ኮልድ» የምትባለውን ቃል እወዳት ነበር። አጭር ናት፤ ሰሌዳ አትፈጅም። ከማውቃቸው ጥቂት ቃላትም አንዷ ናት። ተማሪዎቼ ይህን የመጨረሻውን አያውቁም ብዬ አስብ ነበር። አሁን ሳስበው ያውቁ ነበር መሰለኝ።

መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን እሰጣለሁ፦ ብርድ፣ ቀዝቃዛ፣ ጉንፋን። ከዚያ ወደ ፈረንጅ ነገረኛነት እገባለሁ። እንግሊዝ ፊት ሲነሳህ ትከሻው ይቀዘቅዛል። እያየ እያወቀ ሰው ሲገድል ደሙ ይቀዘቅዛል። ሊያደርገው ቆርጦ የተነሳውን ነገር ሰዓቱ ሲደርስ ከፈራ ደግሞ እግሩ ይቀዘቅዛል።

አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኛ ስንፈራ ሐሞታችን ነው የሚፈሰው። እነሱ ሐሞት የላቸውም?»

«አላቸው» አልኋት። «ግን ጫማቸውን አውልቀው ነው የሚፈሩት።»

ክፍሉ ሳቀ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ወንድም ጋሼ ከቋሪት መጡ። ታላቄ ናቸው፤ በአሥራ ሁለት ዓመት ስለሚበልጡኝ አንቱ እያልሁ ነው ያደግሁት። ለወትሮው ሲመጡ ድንች አይለያቸውም። ያን ቀን ባዶ እጃቸውን ነበሩ።

«መሬቱ ሊደለደል ነው» አሉ፣ ገና በሩ ላይ ቆመው። «በደርግ ጊዜ ሥልጣን የያዘ ሁሉ ቢሮክራት ነው ተብሏል። ለቢሮክራት አራት ቃዳ፣ አንድ ሄክታር ብቻ ይተውለታል፤ ሌላው ለሌላ ሰው ነው።»

«አንቱ ምን ሥልጣን ነበረዎ?»

«ጸሐፊ ነበርሁ አይደል።»



ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድም ጋሼ በልጅነታቸው የኔታ ዘንድ ዳዊት ደግመዋል። ማንበብ ያውቃሉ፤ መጻፍ ግን አያውቁም። እዚያ ንባብ እንጂ ጽሕፈት አላስተማሯቸውም። የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊ ሲመረጥ ሰዉ «ዳዊት የደገመ እያለ ሌላ ማን!» ብሎ በአንድ ድምፅ እሳቸውን መረጠ። ዳዊት የሚያነበንብ ሰው ስሙን መጻፍ አይችልም ብሎ ማን ያስባል? እሳቸውም አፈሩና አልተናገሩም። ስለዚህ ቃለ ጉባኤውን የምጽፈው እኔ ሆንሁ፣ ክረምት ትምህርት ሲዘጋ። ያ ማኅበር ሁለት ዓመት ሙሉ በክረምት ብቻ ውሳኔ ያሳለፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ልኮራበት ይገባል ብዬም ኮርቼበታለሁ።

«እንግዲህ ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ትመጣና ትናገራለህ» አሉኝ። «እሱ ጸሐፊ የሆነው በስም ብቻ ነው፣ የጻፍሁት እኔ ነኝ በላቸው። አንተ መሬት የለህ፤ ካንተ ምን ይወስዳሉ?»

«እመጣለሁ» አልሁ።

የሚወስዱትስ ነበራቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ለድሮው ማኅበር የጻፍህ አንተ ነህ ከተባልሁ ከሰሌዳው ፊት የሚያነሳኝ ሰው አይጠፋም። ሆኖም እሳቸው ስድስት ልጅ አላቸው። ቅዳሜ አቀበቱን ስወጣ ንግግሬን ደጋግሜ አጠናሁ። በአማርኛ ድምፄ አልረጋ ሲለኝ በእንግሊዝኛም ሞከርሁት።

ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተቀምጧል። ድልድሉን የሚመራው ካድሬ ከሌላ ወረዳ የመጣ ወጣት ነው፣ ትሑት። ቢሳደብ ኖሮ ምናልባት እልህ ይዞኝ እነሳ ነበር፤ እሱ ግን ሰውን ሁሉ «አባት፣ እናት» እያለ ነው። የወንድም ጋሼ ተራ ሲደርስ የድሮውን ማኅበር የቃለ ጉባኤ መዝገብ ገልጦ ከፍ አደረገው። ከሩቅ አወቅሁት፤ እግሯን አስረዝሜ የምጥላት «ቀ» ሳትቀር ታየችኝ።

«ይህ ጽሕፈት የማን ነው?»

እዚያ ከተቀመጠው ሰው ግማሹ ወንድም ጋሼ እስክሪብቶ እንደማይጨብጡ ያውቃል። ግን ከእሳቸው የሚነሳው መሬት ለእሱ ልጆች ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ጎጆ የሚወጡበት የላቸውም። አልፈርድበትም። እኔ ያ ምክንያት እንኳ አልነበረኝም።

ልነሳ ነው፣ ልነሳ ነው አልሁ በልቤ። መጀመሪያ ጉሮሮዬን ልጥረግ አልሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰዎች ዞረው አዩኝ። ያኔ ጉንፋን እንደያዘው ሰው አስመስዬ ደግሜ ሳልሁ።

ወንድም ጋሼ ወደ እኔ አልዞሩም። ትንሽ ጠበቁ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«የኔ ነው» አሉ።

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙ፣ አባት።»

እስክሪብቶውን አዩት። ቀስ ብለው አውራ ጣታቸውን ዘረጉ።

«ጸሐፊ ሆነው በጣት?»

ሰዉ ሳቀ። ካድሬው ግን ሳቁን አቋረጠ፤ ገብቶታል። ሕዝቡን አየ፣ መዝገቡን አየ፣ ፀሐይዋንም አየ። ከዚያ የቀለሙን ጣሳ ወደ እሳቸው ገፋው።

ስብሰባው ሲበተን ጎንበስ ብዬ እግሬን ዳበስሁት። ሞቋል፤ በላብ ርሷል። እንግሊዞች ለኔ ዓይነቱ ቃል አላበጁም ማለት ነው።

ማታ እሳቸው ቤት ራት ቀረበ። በላሁ። ይህን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር፤ ግን በላሁ፣ ወጡንም ጨምሩልኝ አልሁ።  ሰኞ ክፍል ገብቼ ተማሪዎቹ በ«ኮልድ» ዓረፍተ ነገር ሥራልን ሲሉኝ «ዛሬ አየሩ ቀዝቃዛ ነው» የሚለውን ጻፍሁላቸውና ወደ ሰዋስው አለፍሁ።

ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እንደ ልማዴ ወደ ቋሪት ወጣሁ። ወንዝ ዳር ያለው ሰፊው ማሳ ተቆርሶ ለሁለት ጎረምሶች ተሰጥቷል። አዲሱ ድንበር በድንጋይ ተተክሎ መሐል ለመሐል ያልፋል። ወንድም ጋሼ በቀረችላቸው ያርሳሉ። ችግሩ በሬዎቹ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲታጠፉ የኖሩት ወንዙ ዳር ነው፤ ድንበሩ ላይ ሲደርሱ አይቆሙም፣ እንደለመዱት ይቀጥላሉ። ወንድም ጋሼ እርፉን ይዘው «ተው! ተመለስ!» እያሉ ይጎተታሉ። ከወዲያ ደግሞ ባለ መሬቱ ጎረምሳ «አባ፣ ኧረ ዘሬን!» ይላል።

እኔን ሲያዩ ጅራፉን አወረዱ።

«መጣህ? ና እስቲ፤ እድንጋዩ ዘንድ ቁምልኝ። ሰው ሲያዩ ይመለሳሉ።»

ሄጄ ቆምሁ። በሬዎቹ ትንፋሻቸው እስኪነካኝ ድረስ መጡ፤ አዩኝ፣ ታጠፉ። እንደገና መጡ፣ እንደገና ታጠፉ። ጭቃው የመምህርነት ጫማዬን እስከ ማሰሪያው ዋጠው። ወንድም ጋሼ ለማረፍ ቆም ሲሉ ቁልቁል እግሬን አዩ።

«ወደዚህ ጠጋ በል» አሉኝ ቀስ ብለው። «የሰው መሬት ረግጠሃል።»

ጠጋ አልሁ።