ምንሽሩን ያስተካከልንበት ቀን

አባቴ ጅብ የሳቱት ጎህ ሲቀድ፣ ከበጎቹ ጋጣ ሠላሳ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ከጎረቤላ በታች ባለው መንደራችን እሳቸው ተኩሰው ሳቱ ማለት ለሰሚም የሚከብድ ወሬ ነበር። እኔ በዚያ ሰሞን ከማስተምርበት ከደብረ ብርሃን ለእረፍት መጥቼ ነበር። ቤት ስገባ ያገኘኋቸው አሮጌውን ምንሽር ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አፈሙዙ ላይ ያለውን ማነጣጠሪያ በትንሽ መዶሻ ሲነካኩ ነው።

«በቅሎዋ ስትጥለው ተጣሞ ነው» አሉኝ። «ወደ ግራ እየጣለ አስቸገረኝ። አምስት ጊዜ መታሁት፤ አሁንም አልተቃና።»

ሴት ልጅ ናት ሳይሉ በልጅነቴ ተኩስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ነገ አብረን እንየው» አልኳቸው።

በማግስቱ ድምፁ እንዳያስደነግጣቸው ለጎረቤቶች ተናግረን ወደ ደረቁ ወንዝ ወረድን። ከአፈሩ ገደል ሥር የሳሙና ካርቶን አቆምኩ፤ መሐሉ ላይ በከሰል መዳፍ የምታህል ክብ ሣልኩበት። ሃምሳ እርምጃ ቆጥሬ ተመለስኩና አሸዋ የሞላ ከረጢት መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

መጀመሪያ እሳቸው ተኮሱ። አንዷ ጥይት በግራ፣ ሌላዋ ከታች ገባች። ሦስተኛዋ ካርቶኑንም አልነካች።

ከዚያ እኔ በደረቴ ተኝቼ፣ ትንፋሼን ያዝ አድርጌ ሦስት ተኮስኩ። ሄጄ ሳይ ሦስቱም ከክቡ በስተቀኝ፣ አንድ ስንዝር ያህል ርቀው ተጠጋግተው አርፈዋል።

«አባባ፣ ጠመንጃው ደህና ነው» አልኩ። «ወደ ቀኝ የወሰደው የእርስዎ መዶሻ ነው።»

ማነጣጠሪያው ሥር የቀድሞ ቦታውን የሚያሳይ ጭረት ነበር፤ ቀስ እያልኩ መትቼ እዚያው መለስኩት። ቀጣዮቹ ሦስት ጥይቶች ክቡ ውስጥ ገቡ። መቶ እርምጃ ላይም እንደዚያው ሆነ። ሁለት መቶ ላይ የመጀመሪያዋ ከካርቶኑ ግርጌ አፈር አነሳች። የኋላውን ማነጣጠሪያ አንድ እርከን ከፍ ሳደርገው ሁለተኛዋ የክቡን ጠርዝ መታች።

ደስ ብሎኝ ዞር ስል አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ካርቶኑን ትኩር ብለው ያያሉ።

«ክቡ ስንት ነው?» አሉኝ።

«አንድ ነው እንጂ፣ አባባ።»

«ለእኔ ሁለት ነው። ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ እንዲህ ነው።»

ስለ መዶሻው የተናገርኩት አሳፈረኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ዓይኔ ደከመ ከማለት ጠመንጃው ተበላሸ ማለት ቀለለኝ።»

በሳምንቱ ደብረ ብርሃን ወስጄ አስመረመርኳቸው። የቀኝ ዓይናቸው ሞራ ሸፍኖት ነበር፤ ተገፈፈላቸው። ሐኪሙ ከባድ ነገር እንዳይነኩ፣ እንዳይተኩሱም ስላዘዛቸው ጥቂት ወራት እኔ ጋ ተቀመጡ። መስኮት ዳር ሆነው የሩቅ መኪና ታርጋ ሲያነቡ ይውሉ ነበር።

ሐኪሙ ሲፈቅድላቸው መንደር ተመልሰን ወደ ወንዙ ወረድን። ከሃምሳ እርምጃ ሦስቱንም አገቡ፤ ከመቶ ሁለቱን። ሁለት መቶው ላይ ስንደርስ ካርቶኑን አየት አደረጉና ምንሽሩን ለእኔ አቀበሉኝ።

«የሩቁን አንቺ ተኩሺ» አሉ፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከአጠገቤ ተቀመጡ።