ጦይባ የጠጣችው ውሃ

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፎታል። ክፉውን የሠራው ወንድሜ ነው እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ። ነገሩ የተጀመረው ግን በእኔ እጅ ነው።

የምኖረው ሐይቅ ከተማ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከሰኢድ ጋር ነበር። ከሳዑዲ ሲመለስ ሳሎን ውስጥ ትልቅ የመስታወት የዓሣ ገንዳ አስቀመጠ። ሐይቁ እደጃችን እያለ ቤት ውስጥ ዓሣ ማኖሩ ጎረቤቱን ቢያስቅም እሱ ይኮራበት ነበር።

ገንዳውን የምንከባከበው እኔ ነኝ። ከውጭ ያለው ትንሽ ፓምፕ በቀጭን ቱቦ አየር ይልካል። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ደግሞ አየሩን በትኖ አረፋ ያደርገዋል። አረፋው ከቆመ ዓሦቹ ይታፈናሉ።

ሰኢድ ሊያገባት ያሰባት ልጅ አባትና አጎቶች ቤቱን ሊያዩ ቀጠሮ ያዙ። በዋዜማው ሰኢድ ጠራኝና፣ "ዘሃራ፣ ይሄ ቱቦ ግሉኮስ የተሰካበት በሽተኛ አስመስሎታል። ደብቂልኝ፤ አረፋው ከመሬት የፈለቀ ይምሰል" አለኝ።

የአየር ድንጋዩን ጠጠሩ ውስጥ ቀበርኩት። ቱቦውን በጥጉ አወረድኩና እንዳይንሳፈፍ ከሐይቁ ዳር ያመጣሁትን ጠፍጣፋ ድንጋይ ጫንኩበት። አረፋው እንደ ምንጭ ተንዠቀዠቀ። ሰኢድ "ማሻአላህ!" አለ። በኋላ ትንሽ ቱቦ ብቅ ብሎ ስላየሁ ጠፍጣፋውን ድንጋይ በኃይል ገፋሁትና አረፋውን ሳላይ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ጦይባ አይታኝ ነበር። ጦይባ ከአምባሰል ገጠር መጥታ ቤታችን የምትሠራ የእኔ እኩያ ናት። ከባሏ ተፋትታ ልጇን እናቷ ጋ ትታ ነው የመጣችው።

በማግስቱ ጠዋት ዓሦቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይከድናሉ። ፓምፑ እንደ ወትሮው ስለሚያጉረመርም ማንም ልብ አላለም። ልብ ያለችው ጦይባ ብቻ ናት።

"ጋሼ፣ እኒህ ዓሦች ትንፋሽ አጥሯቸዋል" አለችው ሰኢድን።

"አንቺ ደግሞ መቼ የዓሣ ሐኪም ሆንሽ?"

ትንሽ ቆይታ እጅጌዋን ሰብስባ ድንጋዩን ልታነሳ እጇን ውሃው ውስጥ ስትከት ደረሰባትና እጇን መታት። "በኦሞ እጅሽ!" ብሎ ጮኸባት። ወደ ማዕድ ቤት ተመለሰች።

እንግዶቹ ዙሁር ሰግደው መጡ። ሲገቡ ስድስቱም ዓሦች ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። የልጅቱ አባት፣ "ምን ነካቸው?" ብለው ጠየቁ። የሰኢድ ፊት በላብ ራሰ። ጦይባን ጠራት።

"ምን ጨመርሽበት?"

"ወላሂ ምንም አልጨመርኩም።"

"እጅሽን ስትከቺ አይቼሻለሁ!"

ብርጭቆ አነሳና ከገንዳው ቀዳ። "ምንም ካልጨመርሽ ጠጪው" አላት።

ያኔ ገንዳውን አየሁት። አረፋ የለም። ወዲያው ገባኝ። ጦይባም ብርጭቆውን እንደያዘች አየችኝ። አንድ ቃል ብቻ ይበቃ ነበር። ሰኢድ በሰው ፊት እኔንም እንዳያዋርደኝ ፈራሁና መሬት መሬት አየሁ።

አንዱ አጎት ሳቀ። አባትየው፣ "ተው አንተ፣ ደግ አይደለም" አሉ፤ ነገር ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። ጦይባ እስከ ታች ጠጣችው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አፏን በሻሿ ጠረገች። ሰኢድ እንደዚያም ሆኖ፣ "እቃሽን ይዘሽ ውጪልኝ" አላት።

ስትሄድ አልሸኘኋትም።

ብቻዬን ስሆን ድንጋዩን ሳነሳው የተጨፈለቀው ቱቦ ተቃና፤ አረፋው በሞቱት ዓሦች መሀል ቡልቅ ቡልቅ አለ። ለሰኢድ የነገርኩት ከሁለት ቀን በኋላ ነው። "ታዲያ አሁን አማቾቼ ዘንድ ሄጄ ዋሽቻለሁ ልበል? ዝም በይ" አለኝ። ዝም አልኩ።

ወሬው ግን ዝም አላለም። "ውሃ ውስጥ መርዝ የምትጨምር" ተባለች። ሐይቁ ዳር ያለ ምግብ ቤት ሊቀጥራት ጠርቷት ወሬውን ሲሰማ መለሳት። ከዚያ በኋላ በከተማው ማዕድ ቤቱን አምኖ የሚሰጣት ጠፋ፤ ወደ አገሯ ተመለሰች።

አምና ውጫሌ ገበያ አገኘኋት። ቃሪያ ትሸጣለች። ከፊቷ ቁጢጥ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"አውቃለሁ። ድንጋዩን ስትገፊው አይቻለሁ" አለችኝ።

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? አንቺን ጠበቅኩ።"

አለቀስኩ። "አፉ በይኝ ጦይባ" አልኳት።

ቃሪያዋን እያስተካከለች መለሰችልኝ፤ "ሲያጠጣኝ ቁጭ ብለው ያዩ ሰዎች አሉ አይደል? ለእነሱ ንገሪያቸው። አፉ የምልሽ ያኔ ነው።"

ሰዎቹ ዛሬ አማቾቻችን ናቸው። በየዒዱ አንድ ማዕድ ላይ እንቀርባለን። ሁለት ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ሌላ ወሬ አወራሁ። አሁን ለማያውቁኝ አንባቢዎች መጻፉ እንዲህ ሲቀለኝ ሳይ በራሴ አፍራለሁ። ጦይባ እስከ ዛሬ አፉ አላለችኝም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ውጫሌ ገበያ ወጥቼ አላውቅም።