የኦቦ ዋቅጅራ ለቅሶ በቪዲዮ ቤታችን

የጀነሬተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ነቀምቴ ያለው የአባቴ ቪዲዮ ቤት ትዝ ይለኛል። በበጋ፣ ቡና ተለቅሞ ሰው ፋታ ሲያገኝ፣ ከሲሬና ከአኖ ለገበያ የመጣው ሁሉ ወደ ቤቱ ከመሳፈሩ በፊት እኛ ዘንድ ጎራ ይል ነበር። አባቴ ከስክሪኑ አጠገብ ቆሞ፣ የውጭ አገሩን ፊልም በኦሮምኛ እየተረጎመ፣ የሴቱንም የወንዱንም ድምፅ እያስመሰለ ስለሚያወራ፣ ብዙው ሰው የሚመጣው እሱን ሊሰማ ነበር። ጎረቤቶቻችን አዴ ጫልቱና ባለቤታቸው ኦቦ ዋቅጅራ ከፊተኛው አግዳሚ አይጠፉም ነበር። ኦቦ ዋቅጅራ ቀልዱ ሳያልቅ ሲስቁ፣ አዴ ጫልቱ «ቆይ እንስማበት!» እያሉ በክርናቸው ይጎሽሟቸው ነበር።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ኮሮና መጣና ቪዲዮ ቤቱ ተዘጋ። አባቴ ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይውል ነበር፤ እናቴ «ይከፈታል» እያለች ታጽናናው ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ኦቦ ዋቅጅራ በበሽታው ሞቱ። መሰብሰብ ክልክል ስለነበር ጥቂት ዘመዶች ቀበሯቸው፣ ድንኳንም አልተተከለም፣ እኛም በአጥራችን ውስጥ ሆነን አለቀስን እንጂ ለቅሶ አልደረስንም።

በበጋው ተፈቅዶ ሲከፈት ሰው አልመጣም፤ ገሚሱ ይፈራል፣ ገሚሱ በስልኩ ማየት ለምዷል። አንድ ቀን ከሰዓት አባቴ አግዳሚዎቹን ለቤተ ክርስቲያን ሊሰጥ ጋሪ ላይ ሲጭን፣ አዴ ጫልቱ ጥቁር ለብሰው መጡ።

«ወዴት ልትወስደው ነው?»

«ሰው የለም እኮ፣ አዴ።»

«እኔ ሰው አይደለሁም? ዋቅጅራ የሚወደውን ፊልም ክፈትልኝ። ብቻዬን ማልቀስ ሰለቸኝ።»

አባቴ አግዳሚውን መልሶ አስገባና መተርጎም ጀመረ። የሚያስቀው ቦታ ላይ ሲደርስ አዴ ጫልቱ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ሲንሰቀሰቁ አየና መተርጎሙን አቋረጠ።

«ቀጥል» አሉት።

ቀጠለ። ድምፁን በቆርቆሮው ግድግዳ በኩል የሰሙ ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየገቡ፣ ራቅ ራቅ ብለው ተቀመጡ፣ ሴቶቹም አብረዋቸው አለቀሱ፣ እናቴም ንፍሮ ቀቅላ ይዛ ገባች። ፊልሙ አልቆ እንኳ የሚነሳ ሰው ጠፋ። ዘግይቶም ቢሆን ኦቦ ዋቅጅራ ተለቀሰላቸው።

ቪዲዮ ቤቱ ግን ለቀጣዩ ክረምት አልደረሰም፤ ዛሬ የእህል መጋዘን ነው። ሰዎች ሲኒማ እንደ ድሮው ይሞላ ይሆን ብለው ሲከራከሩ እሰማለሁ፤ እኔ እንጃ። አሁን አዲስ አበባ ሆኜ፣ ደስ ያለኝን መርጬ በስልኬ አያለሁ። የሚያሳዝን ቦታ ላይ ስደርስ አቆመውና ዓይኔን ጠርጌ እቀጥላለሁ፤ «ምን ሆንሽ?» የሚለኝም የለም።