ትከሻዬና የሀርሺን ሴቶች

በውኃ ጥራት ባለሙያነት ተመድቤ ጅግጅጋ የመጣሁት ከስድስት ዓመት በፊት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሰፋ ያለ ቀሚስ ለማሰፋት አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። ከመሀል አገር መጥተው ብዙ ዘመን እዚያው የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ሜትራቸውን ከአንዱ ትከሻዬ እስከ ሌላው ዘርግተው አነበቡ፤ መነጽራቸውን ወልውለው እንደገና ለኩ።

«ልጄ፣ ይሄ የወንድ ልኬት ነው» አሉኝ።

«የኔ ነው፣ አባባ። ይጻፉት።»

ጻፉት። ቀሚሱም ልክክ አለ።

ትከሻዬን ያገኘሁት ከአሎሎ ውርወራ ነው። ተማሪ ሳለሁ እወዳደር ነበር፤ ውድድሩን ካቆምኩ በኋላም ብረት ማንሳቱን አልተውኩትም። በተከራየሁበት ግቢ፣ ሲሚንቶ የሞላኋቸውን ሁለት የቀለም ቆርቆሮዎች በብረት ቧንቧ አያይዤ ጠዋት ጠዋት እሠራለሁ። የመስክ ጃኬትና ኮፍያ አድርጌ ስሄድ ባጃጅ ከኋላዬ ቀርቦ «ወንድም፣ የት ልውሰድህ?» ይለኛል። ፊቴን ሳዞር ሾፌሩ ይደነግጣል። ድሮ ቢሆን ቤቴ ገብቼ አለቅስ ነበር። አሁን የምሄድበትን ነግሬው እሳፈራለሁ፤ እስክንደርስ ድረስ የሚያፍረው እሱ ነው።

አንድ የበጋ ቀን ናሙና ልወስድ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ጋር ሀርሺን አካባቢ ወዳለ ብርካ ሄድን። ብርካ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተገነባ፣ የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ሴቶች ዙሪያውን ቆመው በገመድ ይቀዳሉ። ጠርሙሴን ልሞላ እጅጌዬን ስሰበስብ ወሬው ሁሉ ቆመ። አንዲት ቀጭን፣ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ቀርበው ክንዴን በሁለት ጣት ጫን ጫን አደረጉት፤ የሚገዙትን ፍየል ስብ የሚመረምሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ሶማሊኛ ተናገሩ። ሾፌራችን የአገሩ ልጅ ስለሆነ ተረጎመልኝ።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው እንዲህ ያደረገሽ? ይላሉ።»

«ብረት አነሳለሁ በላቸው።»

እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ።

«ብረቱን ወዴት ነው የምትወስጂው? ይላሉ።»

«የትም። አነሳውና መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

ይህን ሲሰሙ ሁሉም ሳቁ፤ አንዷ ሳቁ አላስቆም ብሏት ጀሪካኗ ላይ ተቀመጠች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እነዚህ ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ ግመል ላይ ጭነው፣ ሌላ ቦታ ወስደው የሚተክሉ ሴቶች ናቸው። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

ሴትዮዋ ገመዱን ሰጡኝ። የመጀመሪያዎቹን አሥር ባልዲዎች ከሁሉም ፈጥኜ አወጣሁ፤ ሴቶቹም «ሆ» እያሉ አጀቡኝ። ከዚያ በኋላ ግን መዳፌ ተላጠ፣ ትንፋሼም አጠረ። ሴትዮዋ ገመዱን ተቀበሉኝ። አንድ እግራቸውን የጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተከሉና መላ ሰውነታቸውን ወደ ኋላ ጣል አደረጉት። ክንዳቸው ጭራሮ የሚያህል ነው፤ ባልዲው ግን ሳይንገጫገጭ፣ አንድ ጠብታ ሳያፈስ ይወጣል። እኔ በክንዴ ስጎትት፣ እሳቸው ለካ በክብደታቸው ነው የሚቀዱት። አሰልጣኝ እንደማይ ትክ ብዬ አየኋቸው። ከዚያ ገመዱን መልሼ ጠየቅሁና እንደሳቸው ቀዳሁ። በዚህኛው ዙር አልደከመኝም።

ስንጨርስ መዳፌን ገልብጠው አዩና ከትንሽ ዕቃ ቅቤ አውጥተው ቀቡኝ።

«አባዮ» አሉኝ፤ እህቴ ማለት ነው። ሾፌሩ የቀረውን ተረጎመ። «ክንድሽ ጥሩ ነው፤ መዳፍሽ ግን ገና ልጅ ነው ይላሉ።»

ይህን የመሰለ ትክክለኛ ምዘና ከማንም አሰልጣኝ ሰምቼ አላውቅም።

ምርመራው ውኃው መታከም እንዳለበት አሳየ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ክሎሪን ይዤ ተመለስኩ። ሴትዮዋ ከሩቅ አውቀውኝ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ያን ቀን ክንዴን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ጀሪካኖቹ እስኪሞሉ አብረን ቀዳን፤ እኔም በየጀሪካኑ ክሎሪኑን ጨምሬ፣ ከመጠጣታቸው በፊት ምን ያህል መቆየት እንዳለባቸው በሾፌሩ በኩል ነገርኳቸው።