አራት ጎን ብቻ

ዜናው የደረሰኝ ጅግጅጋ፣ ከምሠራበት ላብራቶሪ ወጥቼ ጓንቴን ሳወልቅ ነው። ጎጆ ከተማ አብራኝ የተማረችው ጓደኛዬ በቴሌግራም ድምፅ ልካ ነበር፦ «አካም ጅርታ እህቴ። የሒሳቡ ቲቸራችን አረፉ። ትናንት ጉደር ቀበርናቸው።» ከጀርባዋ የሰው ድምፅ ይሰማል። እዚህ እሳቸውን የሚያውቅ የለም፤ ማንን ላርዳ? ጌታ ልጆቻቸውን እንዲያጽናና ብቻዬን ጸለይሁ።

ቲቸር ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው የድንች ማሳ ወስደው ገመድ ያስዘረጉን ነበር። አገሬው ማሳ ሲለካ ፊት ለፊት ያሉትን ጎኖች እየደመረ ለሁለት ያካፍልና ሁለቱን ውጤት ያባዛል። እሳቸው ይህን አይወዱም። አራት እንጨት በምስማር አያይዘው እያጣመሙ፣ «አያችሁ፣ ጎኖቹ ያው ናቸው፣ ስፋቱ ግን ተለወጠ። ገመድ ከጥግ እስከ ጥግ አሻግሩበት። ሁለት ጎነ ሦስት ሲሆን ይረጋል» ይሉናል።

አንድ ጊዜ ከቲቸር ጋር አምቦ ለሒሳብ ውድድር ሄድን። የመጨረሻው ጥያቄ ለእኔ ደረሰ፦ አንድ ጎነ አራት፣ የጎኖቹ ርዝመት ብቻ ተሰጥቶ ስፋቱን ፈልጉ ይላል፤ ከጥግ እስከ ጥግ ዳያጎናል የለ፣ ማዕዘን የለ። ዓይኔን ጨፍኜ ስጸልይ ጓደኛዬ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ «ጌታ ስፋት አያሰላልሽም፣ ተነሺ።»

ተነሥቼ፣ «በዚህ ብቻ ስፋቱ አይታወቅም» አልሁ። አዳራሹ ሳቀ። ዳኛው በአገሬው ልኬት ያሰሉትን መልስ አነበቡ። ተሸነፍን።

እያለቀስሁ ወጣሁ፤ ጓደኛዬም ተከተለችኝ። ቲቸር ከዳኛው ጋር ቀሩ፤ በሩ ተዘጋ። ሲወጡ ፊታቸው ቀልቷል። እስከ ጎጆ በዚያ ጭቃ ስንንገጫገጭ የነገሩኝ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ ገመዱን ይዘሽ ነዪ» ብቻ ነው። ይዤ ሄድሁ። ስለ ውድድሩ ሳናነሣ ማሳ ለካን። ብዙም ሳይቆዩ ወደ ጉደር ተዛወሩ።

መልሴ ልክ እንደነበር ኋላ ኮሌጅ ገብቼ አረጋግጫለሁ። የማላውቀው ሌላ ነው፤ ቲቸር ስለ እኔ ተከራክረው ነበር ወይስ ስለ እኔ ይቅርታ ጠይቀው? ያኔ መጠየቅ ድፍረት መሰለኝ። ዛሬ ሐኪሞቹ ውጤት ሲያጣድፉኝ፣ «በዚህ ናሙና ብቻ አይታወቅም» እላለሁ። ያን ስል ቲቸር ከኋላዬ የቆሙ ይመስለኛል። ቆመው ነበር እንዴ?

በሩ ሲዘጋ አዳራሹ ውስጥ የቀራችሁ፣ ወንበር ስትሰበስቡ የነበራችሁም ብትሆኑ፣ ለዳኛው ምን እንዳሏቸው ንገሩኝ። የሚያስከፋኝ ቢሆንም ንገሩኝ።