የሮማ ነገሥታትና የአባቴ ቁጣ

ደጃፌ ላይ የሚጣለውን የዕቃ ካርቶን በቀደድኩ ቁጥር ሽታው አባቴን ይዞብኝ ይገባል፤ ከከተማው ዳር ኦቤትስ ካለው መጋዘን ሲያወርድና ሲጭን ውሎ ኢስትሙር ሰፈር ወደምትገኘው ጠባብ አፓርታማችን የሚመለሰው ይህንኑ ሽታ ጃኬቱ ላይ ተሸክሞ ነበርና። ዲቪ ደርሶት ከመምጣቱ በፊት የታሪክ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ የቀሩት ተማሪዎች እኔና ወንድሜ ብቻ ነበርን። ያበጠ እግሩን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ አንድ የጥንት ሮማዊ ስለ ነገሥታቱ የጻፈውን የሕይወት ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብልናል። ዓለምን የገዛው ሰው ነጎድጓድ ሲሰማ እንደሚደበቅ፣ ሌላው ጀግና በበራው አፍሮ ያለችውን ፀጉር ወደ ፊት እንደሚያበጥር ሲነግረን በሳቅ እንፈርሳለን፤ ወንድሜ በእንግሊዝኛ ያሾፋል፣ አባቴ ይቆጣል። ቁጣው ለጎረቤት የሚተርፍ ነበር።

ጸሐፊውን የሚወደው የሰውን ጉድፍ ስለማይደብቅ ነው። መዘዙም ከዚያው መጣ። ከአየር ማረፊያ ተቀብለው ቤታቸው ያሳረፉን ጋሼ መኮንን ሲሞቱ፣ ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እንዲጽፍላቸው ባለቤታቸው እትዬ አስቴር ለመኑት። ደግነታቸውን አሳምሮ ጻፈ። ከዚያ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብሎ፣ ከገዛ ወንድማቸው ጋር እንደተኳረፉ መሞታቸውን ጨመረበት፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ቆሞም አነበበው። እትዬ አስቴር ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወጡ። ከዚያ ወዲህ እድርተኛው ሰላምታውን ቀነሰብን፤ በዓል ሲመጣ የሚጠራን ጠፋ፤ እናቴም ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከኋላ መቀመጥ ጀመረች። አባቴ ግን አልተጸጸተም። አንድ ቀን እራት ላይ ሁለታችንንም እያየ፣

«የእኔ ሲነበብ ቁጣዬን እንዳትዘሉት» አለን። «እሱ ከሌለ ሌላ ሰው ነው የቀበራችሁት።»

ባለፈው የበረዶ ወራት ሞተ። እንዳለው አድርጌ ጻፍኩ፦ በንዴት ወንድሜን ከቤት እንዳባረረው፣ ወዲያው ደግሞ በነጠላ ጫማ በረዶውን እየረገጠ ሲፈልገው እንደዋለ፣ ሲያገኘውም አቅፎት እንዳለቀሰ። እናቴ አንብባው ጣቷን የንዴቱ መስመር ላይ አሳረፈች።

«ልጄ፣ ይኼን ስኪፕ አድርጊው» አለችኝ። «እኔ ከሰዎቹ ጋር ገና እኖራለሁ።»

እንዴት እንቢ ልበላት? ሰረዝኩት። ቁጣውን ብቻ ያወጣን መስሎን ነበር፤ ፍለጋውም ለቅሶውም አብሮ ሄደ።

ወንድሜ ቆሞ አነበበ። ታታሪ፣ ሰው አክባሪ፣ ለቤተሰቡ አሳቢ፤ የማንም አባት ሊሆን የሚችል ሰው። አዳራሹ አለቀሰ። እትዬ አስቴርም መጥተው ነበር፤ እናቴን እጇን ይዘው ከፊት ወንበር አጠገባቸው አስቀመጧት። እኔ አንገቴን ደፍቼ አባቴን በየዓረፍተ ነገሩ ፈለግኩት፣ አጣሁት። አያቷ ሲቆጣ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ የምትስቀው ትንሿ ልጄ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«ማሚ፣ ሁ ኢዝ ዚስ አባውት?»

ስለ አያትሽ ነው አልኳት። አላመነችኝም።